ፈውስ በስንት እርምጃ ይቆጠራል?

አንድ ጥያቄ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። እግሮቹ በግትርነት ተይዘው በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ይቆም የነበረ የ6 ዓመት ልጅ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት እንበል። ከአንድ ዓመት ልምምድ በኋላ ተረከዙን መሬት አስነክቶ፣ በሁለት ምርኩዝ ከቤቱ ደጃፍ እስከ መንገዱ ደረሰ። ይህ ልጅ ተፈውሷል ትላላችሁ? ወይስ ገና ነው ትላላችሁ?

ይህን ጥያቄ በወጣቶች ኅብረታችሁ ብታነሡት ቤቱ ለሁለት እንደሚከፈል እገምታለሁ። አንዱ ወገን ምርኩዝ እስካለ ድረስ ምስክርነት አይሆንም ይላል። ሌላው አንድ እርምጃም ብትሆን የጌታ ስጦታ ናት ይላል። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች ቀድመው ሊጠይቁት የሚገባውን ጥያቄ የዘለሉት ይመስለኛል፤ እርምጃውን የምንቆጥረው ለማን ብለን ነው? ለልጁ ብለን ነው ወይስ ለራሳችን? በዚህ ጽሑፍ አብረን የምንመረምረው ይህንን ነው። ለመመርመር ግን መጀመሪያ በልጁ እግር ላይ የሆነውን ነገር በትክክል ማወቅ አለብን። ሳያውቁ ማዘን ቀላል ነው፤ ሳያውቁ መርዳት ግን አይቻልም።

እግሩ ምን ሆነ?

በእርግዝና፣ በወሊድ ሰዓት ወይም ከወሊድ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ጊዜ በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ የልጁ እንቅስቃሴና አቋቋም ይታወካል። ሐኪሞች ይህን ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። መንስኤው አንድ አይደለም። ያለ ጊዜ መወለድ፣ በምጥ ጊዜ የኦክስጅን እጥረት፣ ያልታከመ ከባድ የጨቅላ ቢጫነት፣ እንደ ማጅራት ገትር ያለ ኢንፌክሽን ከመንስኤዎቹ መካከል ናቸው። ልብ በሉ፤ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የእናት ኃጢአት የለም፣ የዘር እርግማንም የለም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ጥፋቱ የማን እንደሆነ በጠየቁ ጊዜ ጌታ የጥያቄውን መነሻ እንዳልተቀበለው ታስታውሳላችሁ። ዛሬም ግን በየሰፈራችን ያች እናት በሹክሹክታ የምትጠየቀው ያንኑ ነው።

ስለዚህ ሕመም ቀድመው በሚገባ ከጻፉት ሰዎች አንዱ የለንደኑ ሐኪም ዊልያም ጆን ሊትል ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 አስቸጋሪ ወሊድና የልጆች እግር ግትርነት ያላቸውን ግንኙነት ለሐኪሞች ማኅበር አቀረበ። ሰውየው ራሱ በልጅነቱ በፖሊዮ ታሞ እግሩ የተጣመመ ነበር። በ1836 ወደ ጀርመን ሄዶ ሽትሮማየር በተባለ ሐኪም የቁርጭምጭሚቱ ጅማት ተቆርጦ እግሩ ተቃናለት። ከዚያ ሙያውን ተምሮ ወደ አገሩ ወሰደው። የልጆችን እግር ያጠና የነበረው ሰው የራሱን እግር የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ግትርነቱ እንምጣ። ጡንቻ በድንገት ሲሳብ ወደ ኅብለ ሰረሰር መልእክት ይልካል። ከኅብለ ሰረሰርም ጡንቻው እንዲኮማተር ትእዛዝ ይመለሳል። ይህ በሁላችንም ሰውነት ያለ ነው፤ ሐኪም ጉልበታችሁን በትንሽ መዶሻ መታ ሲያደርገው እግራችሁ የሚወረወረው በዚህ ምክንያት ነው። አንጎል ደግሞ ከላይ ሆኖ ምልልሱን ያለዝበዋል። የተጎዳ አንጎል ግን የማለዘቡን ሥራ በሚገባ አይሠራም። ስለዚህ ጡንቻው ባልተፈለገበት ሰዓት ይገተራል። ባት ሲገተር ተረከዝ ከመሬት ይነሣል፤ የውስጥ ጭን ሲገተር እግሮች እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። የአንጎሉ ጉዳት ራሱ እየባሰ አይሄድም። ነገር ግን ልጁ ሲያድግ አጥንቱ ይረዝማል፤ ግትሩ ጡንቻ አብሮ መርዘም ያቅተዋል። ስለዚህ መጋጠሚያው እየደረቀ፣ ዳሌው ከቦታው እየተንሸራተተ ሊሄድ ይችላል። ሕመምም አለው። ይህን ያነሣሁት ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

የሚወስድ እንጂ የማይሰጥ ቀዶ ሕክምና

እ.ኤ.አ. በ1908 ኦትፍሪድ ፈርስተር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም አንድ ሐሳብ በተግባር አዋለ። መልእክቱን ከጡንቻ ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚያደርሱት የኋላ ነርቭ ሥሮች ቢቆረጡ ግትርነቱ ይላላል አለ። ላላም። ነገር ግን በዚያው ሥር የሚመጣው የመዳሰስ ስሜትም ነበርና አብሮ ተጎዳ። በ1970ዎቹ የጣልያን ሐኪሞች ሥሮቹን በኤሌክትሪክ እየፈተኑ አንዳንዱን ብቻ መቁረጥ ጀመሩ። አሁን ባለው መልኩ ሥራውን ያሻሻለው ግን በእኛው አህጉር የነበረ ሰው ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኬፕታውን ሬድ ክሮስ የሕፃናት ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ዋርዊክ ፒኮክ የሚቆረጥበትን ቦታ ወደ ታችኛው ጀርባ ዝቅ በማድረግ የፊቱንና የኋላውን ሥር በግልጽ ለመለየት የሚያስችል ዘዴ አወጣ። ዘዴውም ከዚያ ወደ አሜሪካና ወደ ሌላው ዓለም ሄደ። ሴሌክቲቭ ዶርሳል ራይዞቶሚ ይባላል። ሐኪሙ እያንዳንዱን የነርቭ ሥር ወደ ቀጫጭን ክሮች ይከፍላል፤ አንዱን በአንዱ ይፈትናል፤ ከመጠን በላይ የሚያስቸግሩትን ቆርጦ ሌሎቹን ይተዋል። ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የማይጠብቀው ነገር ይመጣል። ቀዶ ሕክምናው ጉልበት አይጨምርም። የሚያደርገው መውሰድ ብቻ ነው፤ ግትርነቱን ይወስዳል። ልጁ ግን እስከዚያ ቀን የቆመው በከፊል በዚያው ግትርነት ተደግፎ ነበር። የተገተረው ባት እንደ እንጨት ሆኖ ይሸከመው ነበር። ግትርነቱ ሲወሰድ ከሥሩ የነበረው ድካም ይገለጣል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት አሥር እርምጃ ይሄድ የነበረ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቆም ሊያቅተው ይችላል። እናቱ የባሰበት ይመስላታል። ጎረቤት "አርፎ ቢቀመጥ ይሻለው ነበር" ይላል። ከዚያ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ የሚወስድ ሥራ ይጀምራል፤ በየቀኑ መዘርጋት፣ መቀመጥ፣ መነሣት፣ መቆም፣ እንደገና መውደቅ።

ውጤቱስ? በካናዳና በአሜሪካ የተደረጉ ሦስት ጥናቶች በአንድነት ተተንትነው እ.ኤ.አ. በ2002 ታትመዋል። 90 ልጆች ነበሩ። ከፊሉ ፊዚዮቴራፒ ብቻ ተሰጣቸው፤ ከፊሉ ቀዶ ሕክምናና ፊዚዮቴራፒ። ቀዶ ሕክምናው ግትርነቱን በግልጽ ቀነሰ። በእንቅስቃሴ መለኪያው ላይ ግን የሁለቱ ወገን ልዩነት ከ100 ውስጥ 4 ነጥብ ያህል ብቻ ነበር። በኬፕታውን ደግሞ በ1985 ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ልጆች ከ20 ዓመት በኋላ አግኝተው አረማመዳቸውን የለኩ ተመራማሪዎች ነበሩ። የእግራቸው እንቅስቃሴ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከነበረው ተሻሽሎ እንደቆየ አረጋገጡ። ተሻሽሎ ማለት ግን እንደ እኩዮቻቸው ሆኖ ማለት አልነበረም።

አራት ነጥብ ምን ያህል ነው?

አንዳንዶቻችሁ አራት ነጥብ ስትሰሙ ልባችሁ እንደሚወድቅ አውቃለሁ። ጀርባ ተከፍቶ፣ ስንት ገንዘብ ወጥቶ፣ ስንት እንባ ፈስሶ አራት ነጥብ? ግን መለኪያው የሚለካቸውን ነገሮች እንያቸው። አንድ እጅ መደገፊያ ይዞ አራት ደረጃ መውጣት አንዱ ነው። ከአጭር በርጩማ ላይ መነሣት፣ ሳይደገፉ ለጥቂት ሰከንድ መቆም ሌሎቹ ናቸው። እነዚህን በልጁ ቀን ውስጥ አስገቧቸው። ሳይደገፍ ቁጭ ማለት የቻለ ልጅ ሁለት እጆቹ ነፃ ይሆኑለታል፤ እንጀራውን ራሱ ይቆርሳል፣ ደብተሩን ራሱ ይገልጣል። እግሮቹ የማይጠላለፉበት ልጅ ሱሪ ለመልበስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ተረከዙ መሬት የሚነካ ልጅ ጫማው ከፊት ብቻ ቶሎ አያልቅም። ሌሊት ጡንቻው የማይጨብጠው ልጅ ይተኛል፤ እናቱም ትተኛለች።

እነዚህ መድረክ ላይ የሚያስጨበጭቡ ነገሮች አይደሉም። ማንም ማይክ ይዞ ልጄ ሱሪውን ለበሰ ብሎ ሲመሰክር አልሰማሁም። ግን ለምን? በቤተ መቅደስ ደጅ ተቀምጦ ይለምን የነበረው ሰው በጴጥሮስና በዮሐንስ ፊት ዘሎ እንደቆመ ስለምናነብ፣ ከእግር ጋር የተያያዘ ፈውስ ሁሉ መዝለል ያለበት ይመስለናል። በወንጌል ውስጥ ግን ሌላም ታሪክ አለ። በቤተ ሳይዳ ጌታ እጁን ጭኖበት በመጀመሪያ ሰዎችን እንደ ዛፍ ሲንቀሳቀሱ ያየ፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲነካው አጥርቶ ያየ ሰው ነበር። በሁለቱ መነካቶች መካከል የነበረው ሰው የማን ሥራ ነበር? ያ ብዥታ ከፈውሱ ውጭ የነበረ አይመስለኝም፤ የፈውሱ አካል ነበር። እንግዲህ በሁለቱ መነካቶች መካከል ያለው ጊዜ ለአንዱ ደቂቃ፣ ለሌላው ሦስት ዓመት ቢሆን ነገሩ በባሕርዩ ይለወጣል? እህል በአንድ ሌሊት ስላልደረሰ እግዚአብሔር አልሰጠንም አንልም። በምግብ ፊት የምናመሰግነው ገበሬው ወራት የደከመበትን ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ድካም ከገበሬው ድካም የሚያንስበት ምክንያት የለም።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። ነገር ግን ተረቱን ሳንመረምር ብንቀበለው ያስተናል። እንቁላል ጊዜው ሲደርስ ጫጩት ይሆናል፤ ታጋሽ ሰው መጨረሻውን ያያል። ሁሉም ልጅ ግን አይሄድም። ሐኪሞች የእነዚህን ልጆች እንቅስቃሴ በአምስት ደረጃ ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ደረጃ ያለው ይሮጣል፤ በአምስተኛው ያለው ጭንቅላቱን ቀጥ ማድረግ እንኳ ይቸግረዋል። ለአምስተኛው ልጅ ግትርነቱን የማላላት ዓላማ መራመድ አይደለም። ሳይታመም መታጠብ፣ ሳያለቅስ መቀመጥ ነው። ተረቱ ትዕግሥትን ያስተምረናል፤ የማይሄደው ልጅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ግን አይነግረንም። ያንን ከሌላ ቦታ መማር አለብን።

ከባዱ ተቃውሞ

አሁን ለጥያቄው ሁሉ ከባድ የሆነው ተቃውሞ ይመጣል። አካል ጉዳት ያለበት አንድ ወጣት ተነሥቶ እንዲህ ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? "እኔ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠርሁ ሙሉ ሰው ከሆንሁ፣ ለምን ልታስተካክሉኝ ትሮጣላችሁ? አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ጀርባዬን ከፍታችሁ እንደ እናንተ እንድራመድ የምታደርጉት፣ እንደ እናንተ ካልተራመድሁ ስለማልበቃችሁ አይደለም?"

ይህን ተቃውሞ በፍጥነት አትመልሱት። እውነት አለው። ብዙ ጊዜ ልጁን እንዲራመድ የምንፈልገው ለእርሱ ብለን አይደለም። የተቀመጠ ልጅ ስለሚረብሸን ነው። የጸሎታችን ውጤት እንዲታይ ስለምንፈልግ ነው። ወላጅም ከሆንን በሰፈር ዓይን ስለምንሸማቀቅ ነው። እንዲህ ያለው ምኞት ልጁን መሣሪያ ያደርገዋል።

ሆኖም ተቃውሞው እስከ መጨረሻው አይወስደንም። ቀደም ብዬ ያስቀመጥኩትን አስታውሱ፤ ግትርነት ያሳምማል፣ ዳሌን ያንሸራትታል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ሙሉ ሰው መሆን ሕመምን መቀነስ አይከለክልም። ጥርሱን የታመመ ሰው ሙሉ ሰው ነው፤ ጥርሱን ስናክመው ሰውነቱን አላጎደልንበትም። እንግዲህ ልዩነቱ ያለው በማከምና ባለማከም መካከል አይደለም። በሁለት ምኞቶች መካከል ነው። አንዱ ምኞት ይህ ልጅ የሚፈልገውን ለማድረግ እንዲቀልለው እፈልጋለሁ ይላል። ሌላው ይህ ልጅ እንደዚህ ሆኖ እንዳላየው እፈልጋለሁ ይላል። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ሁለቱም ይጸልያሉ። የሚለዩት ውጤቱ ሳይመጣ ሲቀር ነው። የመጀመሪያው ይቆያል፤ ሁለተኛው ይሄዳል።

በዚህ ላይ የሜምፊቦስቴን ታሪክ እንይ። የዮናታን ልጅ ነው። የአባቱ ሞት በተሰማ ቀን ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወደቀ፤ 5 ዓመቱ ነበር፤ ሁለቱም እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ዳዊት ካለበት አስፈልጎ አስመጣው፣ የአያቱን ርስት መለሰለት፣ በንጉሥ ማዕድ እንዲበላ አደረገው። እግሩ ግን አልዳነም። ታሪኩን የጻፈው ሰው በመጨረሻም ሁለት እግሩ ሽባ እንደነበረ ደግሞ ይነግረናል። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ሰምታችሁት ይሆናል። ከጥቂት ምዕራፎች በኋላ ያለው ግን ብዙም አይሰበክም። ዳዊት ከአቤሴሎም ሸሽቶ ከከተማ ሲወጣ ሜምፊቦስቴ ሊከተለው ፈለገ። አህያ እንዲጫንለት ጠየቀ። አገልጋዩ ሲባ አታለለው፤ አህያውን ሳይሰጠው ራሱ ወደ ንጉሡ ሄዶ ጌታዬ ከድቶሃል አለው። ሜምፊቦስቴ እየወደደ ቀረ፤ ከሐዲ ተባለ፤ ዳዊት ሲመለስም ርስቱ ለሁለት ተከፈለ።

የሜምፊቦስቴ ችግር ምን ነበር? እግሩ ብቻ ነበር? በማዕዱ ላይ ሳለ እግሩ አልጎዳውም። የጎዳው አህያ ሳይጫንለት የቀረ ቀን ነው። ማዕድ ነበረው፣ ክብር ነበረው፣ ርስት ነበረው፤ ከቤት የሚወጣበት መንገድ ግን በሌላ ሰው እጅ ነበር። ያ ሰው ሲከዳው ያለው ሁሉ ተናወጠ። እኛም ልጁን እንወደዋለን፣ እንጸልይለታለን፤ አህያውን የሚጭንለት ግን ማን ነው?

ከማራኪ ስናየው

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ማራኪ አካባቢ የምትኖር አንዲት እናት እናስብ። ልጇ 7 ዓመቱ ነው። አንቀልባ ካለፈው ቆይቷል፤ አሁንም ግን በጀርባዋ ታዝለዋለች። በበጋ ኮብልስቶኑን፣ በክረምት ጭቃውን ይዛው ትወጣለች። የባጃጅ ሒሳብ ያገኘች ቀን ወደ ፊዚዮቴራፒ ትወስደዋለች፤ ያላገኘች ቀን ይቀራል። ልምምድ ደግሞ በቀረ ቀን ጡንቻው አይጠብቃትም።

የምታሳዝነው ምንም በሌለበት ስለምትኖር አይደለም። ከከተማችን ሕዝብ ብዙው የማያስተውለው ነገር፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአገራችን የፊዚዮቴራፒ ትምህርትን በዲግሪ ደረጃ ቀድሞ ያስተማረ መሆኑ ነው። ዛሬ በብዙ የአገሪቱ ሆስፒታሎች የልጆችን እግር የሚዘረጉ ባለሙያዎች ከዚህ የወጡ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ የተሐድሶ አገልግሎትም አለው፤ ባለሙያው ወደ ልጁ ቤት የሚሄድበት አሠራር ነው። ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ደግሞ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ተጀምሯል፤ ሥራው ልጁ እንዲለብስ፣ እንዲበላ፣ እንዲጽፍ ማስቻል ነው። የአጥንትና የጅማት ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ልጆች በአዲስ አበባ ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታል አለላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በአገራችን ያለው ቼሻየርም በመናገሻ ለብዙ ሕፃናት እግር ሆኗል። በኬፕታውን የተሻሻለው የነርቭ ሥር ቀዶ ሕክምና ለሁሉም ልጅ የሚሆን አይደለም፤ ሐኪሞች ልጁን መርጠው የሚያደርጉት ነው። ለብዙዎቹ መንገዱ መዘርጋት፣ ጀሶ፣ የእግር መደገፊያ፣ የጅማት ማስረዘም፣ ከሁሉም በላይ የየዕለት ልምምድ ነው።

ነገር ግን ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከደባርቅ ጎንደር ራሱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለሙያ መኖሩና ልጁ ባለሙያው ጋ መድረሱ ሁለት ነገር ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት በእናት ጀርባ ይለካል። ሕክምና ተሰጥቶ ሲያበቃም ሥራው ወደዚያው ጀርባ ይመለሳል። በሳምንት አንድ ሰዓት የሚሠራ ባለሙያ ቀሪዎቹን ሰዓታት ለቤተሰቡ አስተምሮ ይሄዳል። ውኃ የምትቀዳው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ሌሎቹን ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርሰውም ያችው እናት ናት።

የወጣቶች ኅብረቶች ብዙ ጊዜ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገቡት በመዋጮ ሰዓት ነው። ገንዘብ እናሰባስባለን፣ የልጁን ቪዲዮ ቀርጸን በየስልኩ እንልካለን፣ ወደ ሕክምና እንሸኘዋለን። መልካም ነው። ከዚያ ልጁ ይመለሳል፤ ከመሄዱ በፊት ከነበረው ደክሞ ይመለሳል፤ ምክንያቱን ከላይ አይተናል። ደግመን ልንቀርጸው የምንፈልገው እርምጃ የለም። ቀስ ብለን እንጠፋለን። ቤተሰቡ በጣም የሚያስፈልገን ጊዜ ያ ነበር። መዋጮው ያለቀበት ቀን ዋናው ሥራ የሚጀመርበት ቀን ነው።

ስለ ቪዲዮውም አንድ ነገር ልበል። የሚሳብ ልጅን መቅረጽ ብር ያመጣል፤ አውቃለሁ። ግን ያ ልጅ 15 ዓመት ሲሞላው ያ ቪዲዮ አብሮት ይኖራል። ልጁን ጠይቁት። የ6 ዓመት ልጅ በ6 ዓመት ልክ ይገባዋል። ቀዶ ሕክምናውንም በልኩ ንገሩት፤ እንደሚያመው፣ መጀመሪያ እንደሚደክም፣ ከዚያ ምን ለማድረግ እንደሚቀልለው። ከሁሉ በፊት ምን ማድረግ እንደሚፈልግ ጠይቁት። እናንተ ሩጫ ስትመኙለት እርሱ ሰው ሳይጠራ ሽንት ቤት መግባት ይመኝ ይሆናል። የእርሱ ምኞት ከእናንተ ምኞት ይቅደም።

ታዲያ መልሱ ምንድን ነው?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በሁለት ምርኩዝ ከደጃፍ እስከ መንገድ የደረሰው ልጅ ተፈውሷል ወይ? መልሴ ይህ ነው። እርምጃውን ለእርሱ ብለን ከቆጠርነው፣ አዎን፤ ያቺ ከደጃፍ እስከ መንገድ ያለችው ርቀት ለእርሱ አዲስ አገር ናት፤ ምስጋና ይገባታል። ለራሳችን ብለን ከቆጠርነው ግን ቢሮጥም አይበቃንም፤ ሌላ የሚያስጨበጭብ ነገር እንፈልጋለን። ጸሎትንም አንተውም። ነገር ግን በጸሎታችን ውስጥ የዛሬዋን እርምጃ የሚያሳንስ ቃል አይኑር። ልጁ ይሰማል። አራት ወር ሠርቶ ተረከዙን ያስነካ ልጅ በፊቱ "ገና ነው" ተብሎ ሲጸለይለት የሚማረው ነገር አለ፤ የሚማረው ደግሞ ስለ እግዚአብሔር ነው።

በቅፍርናሆም ሽባውን ተሸክመው ጣራ የነደሉትን አራት ሰዎች አስቡ። ስማቸው አልተጻፈም። ሰውየው ተነሥቶ ከመሄዱ በፊት ግን እርሱን እስከዚያ ያደረሰው የእነርሱ ትከሻ ነበር፤ ጌታም ያየው የእነርሱን እምነት ጭምር ነው። አራት ሰው የሌለው ኅብረት አላውቅም። እንግዲህ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ እነዚህን ተነጋገሩባቸው። በአጥቢያችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት ማን ናት? ልጇን ይዛ የማትመጣው ደረጃ ስለበዛባት ነው ወይስ ዓይን ስለበዛባት? የልጆች ትምህርቱ ክፍል ፎቅ ላይ ከሆነ ወደ ታች ማውረድ ምን ይከለክላል? በሳምንት ሁለት ቀን የባጃጅ ሒሳብ ለስድስት ወር ለመሸፈን ስንት ሰው ይበቃል? ከእናንተ መካከል የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ካለ ለሁለት ሦስት ወጣቶች ትክክለኛውን አዘረጋግ በባለሙያ ፊት ማስተማር ይችላል? እናትየዋ አንድ ከሰዓት በኋላ እንድትተኛ ልጁን ማን ይይዝላታል?

ስትጎበኙትም ከእርሱ ጋር ሂዱ። በምርኩዝ የሚሄድ ልጅ ከእናንተ በአራት እጥፍ ይዘገያል። ብዙ ሰው ሦስት እርምጃ አብሮት ሄዶ ሳያስበው ቀድሞት ይገኛል፤ ከዚያ ዞሮ "አይዞህ፣ ና!" ይለዋል። እናንተ ግን አትቅደሙት። ከጎኑ ሁኑ፣ በእርሱ ፍጥነት ሂዱ፣ ስለ ትምህርቱና ስለ ጓደኞቹ አውሩት። እግሩን ለጊዜው ተዉት። መንገዱ ጋ ስትደርሱ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ ጠይቁት።